ማክ ሮቢንሰን

ማቲው ማክ ሮቢንሰን (ጁላይ 18 ቀን 1914 – ማርች 12 ቀን 2000 እ.ኤ.አ.፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሐምሌ 11 ቀን 1906 እስከ መጋቢት 3 ቀን 1992 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የአጭር ርቀት ሯጭና የርዝመት ዝላይ ተወዳዳሪ ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በተካሄደው የበጋ ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦውንስ ቀጥሎ ሁለተኛ በመውጣት የብር ሜዳልያ አግኝቷል። ወደ በርሊን የሄደው በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ከሚገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ከፓሳዲና ጁኒየር ኮሌጅ ነበር። በአሜሪካ ዋና የቤዝቦል ሊግ የዘር አጥርን የሰበረው የጃኪ ሮቢንሰን ታላቅ ወንድም በመሆኑም ይታወቃል። ከኦሊምፒኩ በኋላ በገዛ ከተማው ጎዳና ጠራጊ ሆኖ መሥራቱ የዘመኑን የዘር መድልዎ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነትና ቤተሰብ

ማክ የተወለደው በደቡባዊቷ የጆርጂያ ክፍለ ሀገር፣ ካይሮ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ነው። ወላጆቹ ጄሪና ማሊ ሮቢንሰን በሰው መሬት ላይ እያረሱ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር የሚካፈሉ ጭሰኞች ነበሩ። አምስት ልጆች ወልደዋል፤ እነርሱም ኤድጋር፣ ፍራንክ፣ ማክ፣ ዊላ ሜይ እና የመጨረሻው ጃኪ ናቸው። ጃኪ በ1919 ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ አባትየው ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ።

ማሊ ብቻዋን በቀረች ጊዜ በጆርጂያ መኖርን አልመረጠችም። በ1920 አምስቱን ልጆቿን ይዛ በባቡር አገር አቋርጣ ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘች፤ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ባለችው በፓሳዲና ከተማም ሰፈረች። በዚያ ጊዜ ማክ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ በሀብታሞች ቤት ልብስ እያጠበችና የቤት ሥራ እየሠራች ልጆቿን አሳደገች። ከጊዜ በኋላ ቤተሰቡ በፔፐር ጎዳና ላይ የራሱን ቤት ለማግኘት በቃ። ሰፈሩ የነጮች ስለነበረ አንዳንድ ጎረቤቶች ሊያስወጧቸው ሞክረው ነበር፤ ማሊ ግን ከቤቷ አልነቃነቅም አለች።

ፓሳዲና የቱጃሮች መኖሪያ የነበረች የተዋበች ከተማ ናት። ለጥቁር ነዋሪዎቿ ግን ብዙ በሮች ዝግ ነበሩ። በከተማው የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ጥቁሮች እንዲዋኙ የሚፈቀድላቸው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር። በሌሎቹ ቀናት የሮቢንሰን ልጆችና ጓደኞቻቸው ሌሎች ሲዋኙ ከአጥሩ ውጭ ሆነው ይመለከቱ ነበር። የከተማው አስተዳደርም ጥቁሮችን ከጉልበት ሥራ በላይ ለሆነ ቦታ የመቅጠር ልማድ አልነበረውም።

ማክ በጆን ሚዩር ቴክኒካል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማር በሩጫና በዝላይ ታወቀ። በምርመራ የልብ ችግር እንዳለበት በመገኘቱ እንደ አሜሪካ እግር ኳስ ያሉ የመጋጨት ጨዋታዎች ተከለከሉበት። አትሌቲክስ ግን ተፈቀደለት። በዚህ ምክንያት ኃይሉን በሙሉ በመሙና በዝላይ ጉድጓዱ ላይ አዋለ።

ፓሳዲና ጁኒየር ኮሌጅ

ጁኒየር ኮሌጅ፣ በኋላ ዘመን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተባለው፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ያሉትን ሁለት ዓመታት የሚያስተምር የሕዝብ ተቋም ነው። ተማሪው ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ሊሄድ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ቀሪውን ሁለት ዓመት ሊጨርስ ይችላል። በካሊፎርኒያ እነዚህ ኮሌጆች በዚያ ዘመን የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም ነበር። ዓለም በከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ በነበረችበት በ1930ዎቹ፣ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት የሚገኝበት ብቸኛ በር ብዙ ጊዜ ይኸው ነበር።

እነዚህ ኮሌጆች እርስ በርሳቸው የሚወዳደሩባቸው የአትሌቲክስ ቡድኖች ስለነበሯቸው ለስፖርቱም ትልቅ መፍለቂያ ሆኑ። በ1936ቱ የአሜሪካ የኦሊምፒክ ቡድን ውስጥ በዚህ መንገድ ያለፈው ማክ ሮቢንሰን ብቻ አይደለም። በ400 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው አርቺ ዊሊያምስ ወደ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት በሳን ማቴዮ ጁኒየር ኮሌጅ ተምሯል። በከፍታ ዝላይ 2.03 ሜትር ዘልሎ ያሸነፈው ኮርኔሊየስ ጆንሰንም የኮምፕተን ጁኒየር ኮሌጅ ተማሪ ነበር።

ማክ በፓሳዲና ጁኒየር ኮሌጅ በአጭር ርቀት ሩጫና በርዝመት ዝላይ የሀገሪቱን የጁኒየር ኮሌጆች ክብረ ወሰኖች አስመዘገበ። በ1936 ለኦሊምፒክ ማጣሪያ የሚያበቃ ውጤት ነበረው፤ ያልነበረው ገንዘብ ነው። ማጣሪያው የሚካሄደው በአህጉሩ ሌላ ጫፍ በኒው ዮርክ ከተማ ሲሆን፣ የእናቱ ገቢ ከዕለት ጉርስ የሚያልፍ አልነበረም። በመጨረሻ የፓሳዲና ነጋዴዎች 150 ዶላር አዋጥተው የመጓጓዣውን ወጪ ሸፈኑለት።

በጁላይ ወር በኒው ዮርክ ራንዳልስ ደሴት በተደረገው ማጣሪያ ማክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦውንስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። ይህም በቡድኑ ውስጥ ቦታ አስገኘለት። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጁላይ 15 ቀን፣ የአሜሪካ ቡድን ማንሃተን በተባለችው መርከብ ወደ አውሮፓ ተነሣ።

የበርሊን ኦሊምፒክ

የ1936ቱ ኦሊምፒክ የተዘጋጀው በናዚ ጀርመን ነበር። የአዶልፍ ሂትለር መንግሥት ውድድሩን የሥርዓቱና የዘር ትምህርቱ ማሳያ ሊያደርገው አስቦ ነበር። በአሜሪካም ቡድኑ ይሂድ አይሂድ በሚል ብርቱ ክርክር ተደርጎ ነበር። በመጨረሻ ከሄዱት መካከል 18ቱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። አብዛኞቹ በአትሌቲክስ የተሰለፉ ሲሆን፣ ያገኙት ውጤት የናዚን የዘር የበላይነት አስተሳሰብ በአደባባይ ያፈረሰ ሆነ።

የ200 ሜትር ውድድር በኦገስት 4 እና 5 ተካሄደ። ኦውንስ በማጣሪያው 21.1 ሰከንድ በመሮጥ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰኑን አሻሻለ። ማክ በበኩሉ በግማሽ ፍጻሜው በዚሁ 21.1 ሰከንድ ገብቶ አዲሱን ክብረ ወሰን ተጋራ። በዚህም የፍጻሜው ውድድር በሁለቱ መካከል እንደሚሆን ታወቀ።

ፍጻሜው ኦገስት 5 ቀን 1936 (ሐምሌ 29 ቀን 1928 ዓ.ም.) ተደረገ። ማክ በቂ አዲስ መሣሪያ አልነበረውም፤ የሮጠው በፓሳዲና ሲወዳደርበት በቆየው ያረጀ ባለ ሹል ጫማ ነበር። ኦውንስ ከመታጠፊያው ላይ ቀድሞ ወጣና ርቀቱን በ20.7 ሰከንድ ጨርሶ ሌላ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ማክ በ0.4 ሰከንድ፣ ማለትም በአራት ሜትር ገደማ ተቀድሞ በ21.1 ሰከንድ ሁለተኛ ገባ። የኔዘርላንዱ ቲኑስ ኦሰንዳርፕ በ21.3 ሰከንድ ሦስተኛ ሆነ።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ማክ ምን ያህል ፈጣን እንደነበረ ይገለጣል። ከበርሊን በፊት የነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ1932 በሎስ አንጀለስ ኤዲ ቶላን ያስመዘገበው 21.2 ሰከንድ ነበር። ስለዚህ ማክ በፍጻሜው የሮጠው ሰዓት ከአራት ዓመት በፊት ወርቅ ካስገኘው ሰዓት የተሻለ ነበር። ሆኖም ድሉ ለኦውንስ ከአራቱ የበርሊን ወርቆች ሦስተኛው በመሆኑ የዓለም ዓይን በእርሱ ላይ ቀረ። የሁለተኛው ሰው ስም ብዙም አልተነሣም።

ማክ በኋላ ዘመን ስለዚያ ውድድር ሲጠየቅ በኦውንስ ችሎታ ላይ ክርክር አልነበረውም። ነገር ግን ኦውንስ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙ በበርሊን ሲከታተለው እርሱ ግን የቅርብ ምክር የሚሰጠው ሰው እንዳልነበረው ያስታውስ ነበር። ጥቂት ሥልጠናና እርዳታ ቢያገኝ ልዩነቱ ሊጠብ ይችል እንደነበርም ያምን ነበር።

ከበርሊን መልስና የኦሪገን ዓመታት

ጄሲ ኦውንስ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ሰልፍ ተደርጎለታል፤ ይሁንና ከሰልፉ በኋላ ለኑሮው ሲል ከፈረስ ጋር ሳይቀር እስከ መሮጥ ደርሷል። ማክ ሮቢንሰን ደግሞ ሰልፉንም አላገኘም። የብር ሜዳልያ ይዞ ወደ ፓሳዲና ሲመለስ ከተማዋ ያዘጋጀችለት አቀባበል አልነበረም። ይህ ነገር ለረጅም ዘመን በልቡ ቀርቷል።

ከጁኒየር ኮሌጁ በኋላ በዩጂን ከተማ ወደሚገኘው የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዚያ በታወቀው አሰልጣኝ በቢል ሄይዋርድ ሥር ሠለጠነ። በ1938 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና የ220 ያርድ ሩጫ አሸናፊ ሆነ፤ በዚሁ ዓመት በአማተር አትሌቶች ማኅበር ሀገር አቀፍ ሻምፒዮናም በ200 ሜትር አሸነፈ። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከስመ ጥር አትሌቶች ጋር የሚቆጠር ሲሆን፣ በኋላ ዘመን በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የአትሌቲክስ የክብር መዝገብ ውስጥ ስሙ እንዲሰፍር ተደርጓል።

ሆኖም የመጀመሪያ ዲግሪውን ሳይጨርስ ቤተሰቡን ለመርዳት ወደ ፓሳዲና ተመለሰ። ሁለተኛ የኦሊምፒክ ዕድልም አልገጠመውም። የ1940ውም ሆነ የ1944ቱ ኦሊምፒክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተሰረዘ። ውድድሩ በ1948 በለንደን እንደገና ሲጀመር ማክ ዕድሜው 34 ነበር።

ጎዳና ጠራጊው የኦሊምፒክ ባለ ሜዳልያ

ማክ በፓሳዲና ሥራ ሲፈልግ ያገኘው የጎዳና ጽዳት ነበር። መጥረጊያና የእጅ ጋሪ ይዞ የከተማዋን መንገዶች ይጠርግ ጀመር። ብርድ በሚሆንበት ጊዜ በጀርባው ላይ የአሜሪካ ስም የተጻፈበትን የኦሊምፒክ ቡድን ጃኬቱን ለብሶ ይሠራ ነበር። ሀገሩን ወክሎ በበርሊን የለበሰውን ጃኬት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ መልበሱ በአንዳንድ ነጭ ነዋሪዎች ዘንድ እንደ ትንኮሳ ተቆጥሮበታል። ለሌሎች ደግሞ፣ በተለይ ለጥቁር ወጣቶች፣ የከተማዋን ሁኔታ ያለ ቃል የሚናገር ምስል ሆነ፤ በዓለም ሁለተኛ የወጣ ሯጭ በተወለደበት የቆዳ ቀለም ምክንያት ከመጥረጊያ የተሻለ ሥራ አልተገኘለትም።

ይህም ሥራ አልዘለቀም። የከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች የመዋኛ ገንዳው ለሁሉም እኩል እንዲከፈት ለፍርድ ቤት ከስሰው ነበር። ዳኛው ለከሳሾቹ ሲፈርድ፣ የከተማው አስተዳደር ጥቁር ሠራተኞቹን ከሥራ በማሰናበት አጸፋውን መለሰ። ከተሰናበቱት አንዱ ማክ ነበር። በመዋኛው ጉዳይ ከሳሽ ባይሆንም የቅጣቱ ተካፋይ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ለማስተዳደር ያገኘውን ሁሉ ሠራ። ለብዙ ዓመታት ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ይዘዋወር ነበር። ትልቅ ቤተሰብ ስለነበረው የገንዘብ ችግር ከደጁ አልራቀም።

ማክና ጃኪ

ጃኪ ከማክ በአምስት ዓመት ገደማ ያንሳል። አባት በሌለበት ቤት ታላላቅ ወንድሞቹ የአባት ቦታ ነበራቸው፤ በስፖርት ደግሞ አርአያው ማክ ነበር። ማክ በበርሊን ሲሮጥ ጃኪ የ17 ዓመት ልጅ ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት በ1937 ወንድሙ ስሙን በተከለበት በፓሳዲና ጁኒየር ኮሌጅ ተመዘገበ።

ጃኪም በርዝመት ዝላይ የማክን ፈለግ ተከተለ። በ1938 የጸደይ ወራት በአንድ ቀን ሁለት ውድድር ነበረበት። ጠዋት በክላረመንት አካባቢ በተደረገ የአትሌቲክስ ውድድር 25 ጫማ ከ6 ኢንች ተኩል (7.78 ሜትር ገደማ) ዘለለና የጁኒየር ኮሌጆችን ክብረ ወሰን ሰበረ። የሰበረው ክብረ ወሰን የማክ ነበር። ከዚያ ልብሱን ቀይሮ በመኪና ወደ ግሌንዴል ገሰገሰና በዚያኑ ቀን ለኮሌጁ የቤዝቦል ቡድን ተጫወተ።

ቤተሰቡ በ1939 ከባድ ሐዘን ደረሰበት። ሁለተኛው ወንድም ፍራንክ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። ፍራንክ የጃኪ የቅርብ አማካሪና ዋና ደጋፊ ስለነበረ መሞቱ ሁሉንም ጎዳ። ጃኪ በዚያ ዓመት ወደ ሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ በመሰለፍም በዘመናዊው ዋና የቤዝቦል ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክ በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው የጃኪ ወንድም ተብሎ ነው። ቀድሞ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ በፓሳዲና ጃኪ የኦሊምፒክ ባለ ሜዳልያው ታናሽ ወንድም ይባል ነበር። ማክ በታናሽ ወንድሙ ዝና አልቀናም፤ የሚቆጨው ያደጉባት ከተማ ለሁለቱም ተገቢውን ክብር አለመስጠቷ ነበር። ጃኪ በ1972 ከሞተ በኋላ ስሙ በፓሳዲና እንዲታሰብ ለብዙ ዓመታት ከደከሙት ሰዎች አንዱ ማክ ነው።

የኋላ ዘመን

ማክ በደል የደረሰበትን ከተማ ጥሎ አልሄደም። ዕድሜውን የጨረሰው በዚያው በፓሳዲና ነው። በኋለኞቹ ዓመታት በከተማዋ ወጣቶች ዘንድ የታወቀ ሰው ሆነ። በሰፈሮቹ የጎዳና ወንጀልና የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ሲስፋፋ ይህን ለመግታት በሚደረገው ጥረት ተሳተፈ። ወጣቶች የሚሰባሰቡባቸውና ስፖርት የሚሠሩባቸው ቦታዎች እንዲኖሩም ለከተማው ባለ ሥልጣናት አቤቱታ ከማቅረብ አልቦዘነም።

የተረሳው ሯጭ በ1984 እንደገና ለዓለም ታየ። የበጋው ኦሊምፒክ ከፓሳዲና ብዙም በማይርቀው በሎስ አንጀለስ ሲከፈት፣ የኦሊምፒኩን ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ወደ ኮሎሲየም ስታዲየም ከገቡት የቀድሞ አሜሪካውያን አትሌቶች መካከል ማክ ሮቢንሰን ነበረ። በዚያ ጊዜ 70 ዓመት ሞልቶት ነበር። ከበርሊን 48 ዓመት በኋላ፣ በስታዲየሙና በቴሌቪዥን የነበረው ተመልካች በነጭ ልብስ ሲራመድ አየው።

የፓሳዲና ከተማም ዘግይታ ዕዳዋን ለመክፈል ሞከረች። ጃኪ ወደ ዋናው ሊግ የገባበት 50ኛ ዓመት በተከበረበት በ1997፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ባለ መናፈሻ የሮቢንሰን መታሰቢያ ተመረቀ። መታሰቢያው የሁለቱ ወንድማማቾች ትልልቅ የነሐስ የራስ ቅርጾች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 2.7 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። የጃኪ ፊት ወደ ምሥራቅ፣ የስፖርት ዝናውን ወዳገኘበት ወደ ብሩክሊን አቅጣጫ ያያል። የማክ ፊት ደግሞ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የዞረ ነው። ማክ በከተማዋ ቀርቶ ለነዋሪዎቿ መሟገቱን ለማመልከት ነው ተብሎ ይተረጎማል። ማክ በዚያ ጊዜ በሕይወት ስለነበረ የራሱን መታሰቢያ ለማየት በቅቷል።

ሞትና ትዝታ

ማክ ሮቢንሰን ለረጅም ጊዜ በስኳር በሽታና ከእርሱ ጋር በተያያዙ ሕመሞች ሲሠቃይ ከቆየ በኋላ ማርች 12 ቀን 2000 በ85 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት በፓሳዲና ሊንከን ጎዳና የሚገኘው ፖስታ ቤት በስሙ እንዲጠራ ወሰነ። የዛሬው ፓሳዲና ሲቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የቀድሞው ጁኒየር ኮሌጅ ስታዲየምም በሁለቱ ወንድማማቾች ስም ሮቢንሰን ስታዲየም ይባላል።

በበርሊኑ ፍጻሜ ከማክ ጋር ለሽልማት የቆሙት ሁለት ሰዎች ዕጣ ከእርሱ በጣም የተለየ ነበር። ኦውንስ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስም ይዞ በ1980 ሞተ። ሦስተኛ የወጣው ኦሰንዳርፕ ጀርመን ኔዘርላንድን በያዘች ጊዜ ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ ከጦርነቱ በኋላ ታስሯል። ማክ ደግሞ ሜዳልያውን ተቀብሎ ኋላ ጎዳና ጠራጊ ሆነ። ያም ሆኖ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጊዜ በማታ ጠራጊነት የቀጠረውና ከዚያም ያባረረው የከተማ አስተዳደር በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ፊት ለፊት የእርሱን ምስል አቁሞ ለመመልከት ተገድዷል።